ከጅቡ በፊት ሥጋው ይነሣ፦ ጅቦች በመርዝና በጥይት እንዲወገዱ ለወሰነው ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
መጋቢት መጨረሻ

ይድረስ፦ በከተማችን መሀል የሚታዩ ጅቦች እንዲገደሉ ለወሰነው ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በዐቢይ ጾም አጋማሽ በወንዝ ዳር ሰፈሮች የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ሦስት ነገር ይላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በወንዞች ዳር የተመረዘ ሥጋ ይጣላል። ሌሊት ተኳሾች ይሰማራሉ። ጅብ ገድሎ ጭራውን ላመጣ ሰው ክፍያ ይፈጸማል። መርዙ መጣል ከጀመረ ሰነበተ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከፋሲካ በፊት እንደሚከተሉ ተነግሮናል።

ይህን የምንጽፈው ውሾችን የምንከትብ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የዱር እንስሳትን የምናጠናና የምናስተምር የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የእነዚያኑ ወንዞች ዳር ቆሻሻ በየማለዳው የምናነሣ የማኅበር ሠራተኞች ነን። ውሳኔው ሲወሰን ማናችንም አልተጠየቅንም። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ያቀረብናቸው ጥያቄዎችም መልስ አላገኙም። ሥራው ግን በእኛ ላይ ወድቋል፤ የተመረዘውን ሬሳ የሚያነሣው የማኅበሩ ሠራተኛ ነው፣ የከተበው ውሻ ሞቶ የሚያገኘውም ሐኪሙ።

ጅብ አያሰጋም አንልም። በዚህ ከተማ ጅብ ሕፃን ነጥቋል፣ ጎዳና ላይ የተኛ ሰው ነክሷል፣ መቃብር ቆፍሯል። ለኪዳንና ለማሕሌት በጨለማ የሚወጡ እናቶችና አባቶች፣ ለፈረቃ ሥራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ታክሲ የሚጠብቁ ሠራተኞች የሚፈሩት እውነተኛ ነገር ነው። ቅሬታችን ይህ ውሳኔ እነዚህን ሰዎች አይጠብቃቸውም፣ እንዲያውም ለባሰ አደጋ ያጋልጣቸዋል የሚል ነው።

አንደኛ፣ መነሻው ስሕተት ነው። ማስታወቂያው «የጅቦች ቁጥር ከመጠን በላይ ጨምሯል» ይላል። ማን ቆጠረ? በምን ዘዴ? ከአሥር ዓመት በፊት ስለ አዲስ አበባ ጅቦች በዜና የተነገሩት ግምቶች ከ300 እስከ 1,000 የሚደርሱ ነበሩ፤ ትልቁ የትንሹን ሦስት እጥፍ የሚያልፍ ግምት ቆጠራ ሊባል አይችልም። ዛሬም በእጃችሁ ያለው የነዋሪዎች አቤቱታ እንጂ ቆጠራ አይደለም። አቤቱታው የበዛው ደግሞ በዐቢይ ጾም ነው፤ ይህን ማንም ያስተዋለው አይመስልም።

ጾሙ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ የቤት እርድ ይቆማል፣ ገንዳው ውስጥ አጥንትና አንጀት አይገኝም። ጅብ ግን አይጾምም። በሰሜን ኢትዮጵያ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ተሰብስቦ፣ በውስጡ የተገኘው ፀጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ተለይቶ ነበር። በጾሙ ወቅት የአህያ ፀጉር ድርሻ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ። የቄራ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቡ አህያ ወደ ማደን ዞሯል ማለት ነው። በመሀል ከተማም በጾም ወራት ጅብ ቀድሞ ይወጣል፣ ርቆ ይሄዳል፣ ሰው ደጃፍ ይደርሳል። በጥር ማንም ሳያየው ገንዳ ሥር በልቶ ይመለስ የነበረው ያው ጅብ በመጋቢት አስፋልት ላይ ይታያል። ብዙ ጅብ ታየ ማለት ብዙ ጅብ አለ ማለት አይደለም።

ጅብ መቁጠር ለሚፈልግ ዘዴው አለ። የእያንዳንዱ ጅብ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ የራሱ ብቻ ነው። ነገር ግን የግራ ጎኑ ነጠብጣብ ከቀኝ ጎኑ ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ ጅብ በሚያልፍበት የወንዝ ዳር መተላለፊያ ግራና ቀኝ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ሁለት ካሜራዎች ፊት ለፊት ይታሰራሉ፤ አንድ እንስሳ ሲያልፍ ሁለቱም ጎኑ ይነሣል። በአንድ ካሜራ ብቻ የሠራ ሰው አንዱን ጅብ በግራው አንድ ጊዜ፣ በቀኙ ሌላ ጊዜ እየመዘገበ ቁጥሩን ያበዛዋል። በዱር አገር የሚሠራበት ሌላው ዘዴ፣ የእንስሳ ድምፅ በማጉያ እያሰሙ ጅቡን መጥራት፣ በከተማ ጫጫታ ውስጥ አይረዳም፤ ሕዝብም ያስደነግጣል። ጾምንና ፍስክን ያካተተ የጥቂት ወራት የካሜራ ሥራ ከግምት የተሻለ ቁጥር ይሰጣል። መሣሪያውም ባለሙያውም እዚሁ ከተማ አሉ።

ሁለተኛ፣ በዚህ መንገድ የሚገደል ጅብ ቁጥሩን አይቀንስም። ለምን እንደሆነ የሚገባው የመንጋውን አኗኗር ላወቀ ነው።

ባለነጠብጣቡ ጅብ የሚኖረው በሴቶች በሚመራ መንጋ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ማዕረጓም ከእናቷ ይወርዳታል። መንጋው የራሱን ክልል በጠረንና በጩኸት ያጥራል፣ እንግዳ ጅብ ሲገባም ያባርራል። ወንዶቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ከተወለዱበት ወጥተው ሌላ መንጋ ፍለጋ ይዞራሉ። እንግዲህ በቀበና ወይም በግንፍሌ ወንዝ ዳር ያለውን መንጋ አፈረሳችሁት እንበል። ሥጋው እዚያው ገንዳ ሥር አለ፣ ጠባቂው ግን ሄዷል። ክፍቱን ቦታ ከእንጦጦ ጫካና ከከተማው ዳርቻ የሚመጡ ዘዋሪ ጅቦች ይይዙታል። እነዚህ ሰፈሩን አያውቁትም፤ ሰው በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የትኛው ውሻ እንደታሰረ፣ የትኛው መንገድ መብራት እንዳለው ገና የሚማሩ ናቸው። የቆየ መንጋ ከሰው የሚሸሽበትን ሰዓት ተምሯል፤ አዲሱ ያንን የሚማረው በሰዎች ደጃፍ ነው።

በማኅበር የሚኖር አውሬን በጥድፊያ መግደል ምን እንደሚያስከትል በትልቅ ሙከራ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። የከብት ቲቢን ለመቀነስ ሲባል ባጀር የሚባለውን፣ በቤተሰብ በጉድጓድ የሚኖረውን እንስሳ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት በተመደቡ ቦታዎች እየገደሉ ውጤቱን ለኩ። ግድያው በተካሄደባቸው ሰፋፊ ቦታዎች ውስጥ በሽታው ቀነሰ፣ በዙሪያቸው ባሉት እርሻዎች ግን ጨመረ። በሽታ በታየበት ቦታ ብቻ እየሮጡ የመግደሉ ዘዴ ደግሞ የከብቶቹን በሽታ ከፍ አድርጎ ስለተገኘ በ2003 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱ ቤተሰባቸው የፈረሰባቸው ባጀሮች ርቀው መዞርና ከሌሎች ጋር መቀላቀል መጀመራቸው ነበር። የእናንተ ማስታወቂያ የሚከተለውም ይህንኑ ዘዴ ነው፤ አቤቱታ በመጣበት ሰፈር መግደል።

ሌላም አለ፤ ለእኛ ከሁሉ የከበደው ይኸኛው ነው። የጅብ ሴት ብልት ከወንዱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል በጨለማ፣ በሩቅ፣ በባትሪ ብርሃን ወንድና ሴትን መለየት ለሠለጠነ ሰው እንኳ ያስቸግራል። ተኳሻችሁ የሚያጠባ እናት እንዳይመታ የሚያደርግ ምንም መንገድ የለውም። እናቲቱ 110 ቀን ገደማ ታረግዛለች፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ትወልዳለች፣ ግልገሎቿንም ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች። በጅብ መንጋ አንዷ የሌላዋን ልጅ አታጠባም። እናት ከሞተች ግልገሎቹ በጉድጓዱ ውስጥ በረኃብ ያልቃሉ። ጥቁር ፀጉራቸው ገና ነጠብጣብ ያላወጣ፣ ከጉድጓዱ አፍ ወጥተው እናታቸውን የሚጠብቁ ግልገሎች ቀን በቀን እየደከሙ ይሞታሉ። አንዲት ጥይት ሦስት ነፍስ ታጠፋለች ማለት ነው፤ ሪፖርታችሁ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መርዙ። ማስታወቂያው የመርዙን ስም አይናገርም። በመጀመሪያው ሳምንት ንጋት ላይ በአንድ ወንዝ ዳር የተገኙት 4 ውሾች ግን አሟሟታቸው ስሙን ይነግራል። አራቱም እግሮቻቸው እንደ እንጨት ተገትረው፣ አንገታቸው ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ጥርሳቸው ተገጥሞ ነበር የተገኙት። በዙሪያቸው ያለው ሣር በእግራቸው ተፍቆ አፈሩ ወጥቷል። ይህ የስትሪክኒን ምልክት ነው። ስትሪክኒን ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ እንዲላቀቅ የሚያዘውን የአከርካሪ መልእክት ይዘጋል። እንስሳው ድምፅ በሰማ፣ ብርሃን ባየ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ሰውነቱ ይገተራል፤ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻው ስለሚቆለፍ ታፍኖ ይሞታል። አእምሮው እስከ መጨረሻው አይስትም። ማርከሻ የለውም። ባለቤቱ ፈጥኖ ካመጣው ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው የሕክምና ከሰል አጠጥቶ፣ ማረጋጊያ ወግቶ፣ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ክፍል ማስተኛት ነው፤ እሱም የሚሠራው መንቀጥቀጡ ሳይበረታ ከተደረሰ ብቻ ነው።

ከአራቱ ሁለቱ ቀይ የክትባት አንገትጌ ነበራቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከከተማ የሚጠፋው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ነው። የተከተበ ውሻ ሲሞት በቦታው የሚመጣው ያልተከተበ ቡችላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የተመረዘ ቁራጭ ሥጋ የክትባት ሥራውን ወደ ኋላ ይመልሳል። ሥጋውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መጣላችሁ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር ያሉት ውሾች ናቸው፤ ጅቡ በብዛት የሚወጣው ሰው ከገባ በኋላ ከምሽቱ 4 ሰዓት ወዲህ ነው። ጅቡ ሲደርስ ሥጋውን ውሻ በልቶታል፤ ቀጥሎ ጅቡ የሞተውን ውሻ ይበላል። ሲነጋ ቁራውና ጥንብ አንሳው የቀረውን ይለቅማሉ። ስትሪክኒን በሬሳው ሆድ ውስጥ ቶሎ አይከስምም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በከተማችን ቄራዎች ዙሪያ የምናየው ትንሹ፣ ፊቱ መላጣና ሮዝ የሆነው ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ ነው።

ጅብ የተረፈውን ሥጋ ይደብቃል። የሚደብቅበትም አንዱ ቦታ ውኃ ነው፤ ጭቃማ ኩሬ ወይም ጥልቀት የሌለው ወንዝ ውስጥ ከትቶት ይሄዳል። የተመረዘው ሥጋችሁ ቀበናና ባንተይቀጡ ወንዞች ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ከታች አቃቂ ላይ በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። የሞተ ጅብ በተገኘበት ቦታ ቆዳውን፣ ጥርሱንና ፀጉሩን ለመድኃኒትና ለክታብ የሚወስድ ሰውም አይታጣም። ሬሳውን በባዶ እጁ የነካው ሰው ምን እንደነካ አያውቅም።

ማስታወቂያው ጅቦች የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚያስተላልፉ መገደል አለባቸውም ይላል። ማንኛውም አጥቢ እንስሳ በሽታው ሊይዘው ይችላል፤ በአገራችን ሰው የሚሞትበት በሽታ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎቻችንን በየጊዜው የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታም ምንጩ የሰው ውሻ ነው፤ እዚያ የተያዘው መፍትሔ በዙሪያው ያሉትን ውሾች መከተብ ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህ በሽታ በቀበሮ ሲዛመት ለብዙ ዓመታት ቀበሮ ተገደለ፣ በጉድጓዱ ጋዝ ተለቀቀበት፤ በሽታው ግን መስፋፋቱን ቀጠለ። የገታው በ1978 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ የተጀመረው ሌላ ዘዴ ነው፦ በዶሮ ጭንቅላት ውስጥ የሚዋጥ ክትባት አድርጎ በዱሩ መበተን። ሥጋ መበተን ካልቀረ ክትባት ያለበት ሥጋ መበተን እንደሚቻል ማለታችን ነው።

አራተኛ፣ የጭራው ክፍያ። ስለዚህ ብዙ አንልም። በጭራ የሚከፈልበት አደን የሚያመጣው አንድ ነው፤ ሰው ጭራ የሚያገኝበት ቦታ ሄዶ ያመጣል። ችግር ያልፈጠረው የእንጦጦና የየካ ጫካ ጅብ ይገደላል፤ የቀበሮና የውሻ ጭራም ይቀርባል። ወጥመድና መርዝ በየሰዉ እጅ ይገባል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ወንዝ ዳር ያለው ጅብ ግን አይቀንስም።

ተኳሾቹን በተመለከተ የምንፈራው ለሰውም ነው። በመሀል ከተማ፣ በሌሊት፣ በድንጋይ ካብና በአስፋልት መካከል የተተኮሰ ጥይት ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም፤ በወንዞቹ ዳርና በድልድዮች ሥር የሚያድሩ ሰዎች አሉ። የቆሰለ ጅብ ደግሞ ከጤነኛው ይልቅ አደገኛ ነው። መንጋጋው ወይም የፊት እግሩ የተሰበረ ጅብ ከመንጋው ጋር ተጋፍቶ መብላት አይችልም፤ የቀረለት የታሰረ በግ፣ የተኛ ሰው፣ ብቻውን የሚሄድ ሕፃን ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ፣ ጻቮ ላይ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ይበሉ ከነበሩት ሁለት አንበሶች የአንዱ አፅም ሲመረመር የክራንቻ ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ መግል ቋጥሮ ነበር። አውሬን አቁስሎ መልቀቅ እንዲህ ያለ ጠላት መፍጠር ነው።

አምስተኛ፣ ጅቡ ሲሄድ ምን እንደሚመጣ አልታሰበበትም። መቀሌ ላይ በተደረገ ጥናት የከተማዋ ዙሪያ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ትርፍራፊ እንደሚያነሡ ተገምቷል፤ በዚህም ሰዎችንና ከብቶችን ከአባ ሰንጋና ከከብት ቲቢ እንደሚጠብቁ ተሰልቷል። አንድ ጅብ በአንድ ጊዜ እስከ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ሥጋና አጥንት ሊበላ ይችላል። አጥንቱን ፈጭቶ ስለሚያዋሕደው ነው ኩሱ እንደ ኖራ የሚነጣው። መንገድ ዳር የወደቀች አህያ በአንድ ሌሊት የምትጠፋው በእኛ ጋሪ ሳይሆን በጅብ ሆድ ነው፤ የምናነሣው እኛ ስለሆንን እናውቃለን። ጅቡ ከጠፋ ያንን ሥጋ የሚበላው ውሻና አይጥ ነው። ሕንድ አገር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት በሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ምክንያት ከጥንብ አንሳዎቿ 95 በመቶ በላይ ሲያልቁ የሆነው ይህ ነው፤ ሬሳው ሜዳ ላይ ቀረ፣ የባዘኑ ውሾች በሚሊዮኖች ጨመሩ፣ በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞተው ሰውም በዛ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም፣ እዚህ ቃል በቃል ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሕሊና ጥያቄ አለ። አባቶቻችን አንበሳና ዝሆን ገድለው ሲፎክሩ ቢያንስ ፊት ለፊት ገጥመው፣ ራሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው ነበር። ዛሬ ያንን የማደን ክብር ትተነዋል፣ መተዋችንም ትክክል ነው። ነገር ግን በምትኩ የመጣው መርዝ ከሆነ ምን አሻሻልን? ሕይወት መግደል አስገዳጅ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ እንቀበላለን። ሰው ደጋግሞ የሚያጠቃ፣ ማንነቱ የተለየ ጅብ ካለ በሠለጠነ ሰው፣ በአንድ ጥይት፣ ሳይሠቃይ እንዲገደል እኛው ራሳችን እንመክራለን። አጥፊው ሳይለይ፣ ቁጥሩ ሳይታወቅ፣ ቀላሉ መፍትሔ ሳይሞከር በጅምላ ማሠቃየትን ግን አንቀበልም። ሐረር ላይ ሰውና ጅብ ለዘመናት የጁገልን ግንብ ተካፍለው ኖረዋል፤ ግንቡ ላይ ለጅቡ መግቢያ የተተወ ቀዳዳ አለ። አዲስ አበባ ሐረር ትሁን አንልም። ሁለቱ መተላለፊያና ሰዓት ተለይቶላቸው መኖር እንደሚችሉ ግን አገራችን ራሷ ምስክር ናት።

ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳ ማደንን በፈቃድ ብቻ የሚደረግ አድርጎታል። ማስታወቂያችሁ የፈቃድ ቁጥርም ሆነ የፈቀደውን አካል አይጠቅስም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የምንጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የመርዝ ሥራው ዛሬ ይቁም። እስካሁን ምን መርዝ፣ ስንት ቁራጭ ሥጋ፣ የት የት እንደተጣለ በጽሑፍ ይሰጠን፤ ያልተበላውን ፈልገን የምናነሣበት ጓንትና የሚዘጋ በርሜል ይቅረብልን። የተነሣው ሁሉ ከወንዝ ርቆ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ወደ ተራ ገንዳ አይግባ። ውሻ የሞተበት ነዋሪም ይነገረው፤ ልጆቹ ሬሳውን ነክተው ይሆናል።

የተኳሾቹ ስምሪትና የጭራው ክፍያ ይሰረዙ። ሰው ያጠቃ ጅብ ካለ ጉዳዩ ፈቃድ ለሚሰጠው አካል ቀርቦ፣ እንስሳው በካሜራ ተለይቶ፣ በወጥመድ ሣጥን ተይዞ በሐኪም እጅ ይወሰንበት።

ሥጋው ይነሣ። ይህ ከሁሉም በፊት ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ፋሲካ ደርሷል። በፋሲካ ሌሊትና በማግሥቱ በየግቢው ይታረዳል፣ ቅርጫ ይከፋፈላል። አንጀቱ፣ ፈርሱ፣ ሸኾናውና ጭንቅላቱ፣ ዋጋ በማጣቱ የሚጣለውም ቆዳ፣ በየድልድዩ ሥር ይወረወራል። ለ55 ቀን የተራበ ጅብ ያንን በአንድ ሌሊት ያገኘዋል፣ ቦታውንም አይረሳም። ለዚህ የሚያስፈልገው ክዳኑ በብረት መቀርቀሪያ የሚዘጋ፣ እንዳይገለበጥ በኮንክሪት የተተከለ የብረት ገንዳ ነው፤ የፕላስቲኩን ጅብ በጥርሱ ይዘነጥለዋል። የሥጋ ቤቶችና የቤት እርድ ትርፍራፊ ከሌላው ቆሻሻ ተለይቶ በዚህ ይጠራቀም፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊትም መኪና ይውሰደው። መኪናው ንጋት ላይ ከመጣ ሥጋው ሌሊቱን ሙሉ አድሯል፣ ጥቅም የለውም። የማኅበራቱ ሠራተኞች በበዓሉ ሦስት ቀናት የማታ ፈረቃ ለመግባት ዝግጁ ነን፤ መኪናና ነዳጅ ግን ከእናንተ ነው። ቆዳው በጨው ታሽቶ የሚሰበሰብበት ጣቢያ በየወረዳው ቢቆም ደግሞ ትርፍራፊው ይቀንሳል።

ለአደጋ የተጋለጡ ሰዎች ይጠበቁ። ጎዳና ላይ ሕፃን ይዘው ለሚያድሩ እናቶች ከምሽት እስከ ንጋት የሚዘጋ በር ያለው ማደሪያ ይከፈት። ከወንዝ ዳር ወደ አብያተ ክርስቲያናት በሚወስዱ መንገዶች ላይ የተቃጠሉ መብራቶች ይቀየሩ። ቀብር የሚፈጸምባቸው ቦታዎች ጉድጓዱን ከ1.5 ሜትር እንዳያሳንሱ፣ አፈሩን ሳይጨርሱ የድንጋይ ንጣፍ እንዲያደርጉበት ይነገራቸው። ለነዋሪውም አጭር ምክር በየሰፈሩ ይለጠፍ፦ ሌሊት በቡድን መሄድ፣ ባትሪ መያዝ፣ ጅብ ሲያዩ አለመሮጥ፣ ጀርባ ሳይሰጡ ፊት ለፊት እያዩ ቀስ ብሎ መራቅ፤ ውሻም ሆነ ጅብ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ።

ቆጠራው ይጀመር። በቀበና፣ በግንፍሌና በባንተይቀጡ ዳር ለሚደረግ የካሜራ ቆጠራ ዕቅዱንና የሰው ኃይሉን እኛ እናቀርባለን። ከእናንተ የምንፈልገው በወንዝ ዳር የመሥራት ፈቃድና፣ በወንዞቹ ዳር በሚካሄደው የልማት ሥራ የሚመነጠሩ ቁጥቋጦዎች የት የት እንደሆኑ የሚያሳይ ካርታ ነው። ጉድጓዱ የፈረሰበት ጅብ ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ «ጅብ በዛ» ማለት አይቻልምና።

መልሳችሁን ከሆሳዕና በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በቀበና አካባቢ የምንሠራ
የእንስሳት ሐኪሞችና የክትባት ሠራተኞች
የሥነ ሕይወት መምህራንና የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች
የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት አስተባባሪዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
ለወንዝ ዳር ሰፈሮች ነዋሪዎች